ሰይፋችሁ ሲጫር፣ የብርጭቆ ወረቀት ከማንሳታችሁ በፊት

«ጋሼ፣ ይሄን በሁለት ሺህ ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ልሸው?»

ይቺ ጥያቄ በቴሌግራም ከፎቶ ጋር ነው የምትመጣልኝ። ፎቶው ላይ አንድ ካታና፣ የጃፓን ሰይፍ፣ አለ። ከስለቱ ተነስተው ወደ ጀርባው የሚወጡ ቀጫጭን ጭረቶች ጎኑን ሞልተውታል። ላኪው ብዙ ጊዜ እዚሁ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ያደገ የኛ ልጅ ነው። ኢያይዶ (ሰይፍ ከአፎት የመምዘዝ የጃፓን ጥበብ) ጀመረ፣ ወደደው፣ ገንዘብ አጠራቅሞ የተሳለ ሰይፍ ገዛ፣ መቁረጥ ጀመረ። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ሰይፉን መብራት ስር ሲያየው ልቡ ተሰበረ።

ለምን እኔን እንደሚጠይቁኝ ይገባኛል። አንደኛ፣ ከእነሱ ቀደም ብዬ ስለጀመርኩ ነው። ዋናው ግን እንጀራዬ የመኪና ቀለም መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ከላሜራ፣ ከእስቱኮና ከብርጭቆ ወረቀት ጋር ነው ያደግኩት። አሁንም እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የምሠራው ያንኑ ነው። ጭረት ማጥፋት የሚችል ሰው ከተፈለገ እሱ ነው ብለው ያስባሉ።

እችላለሁ። ጭረት ሲጠፋ ምን አብሮት እንደሚጠፋም በየቀኑ አያለሁ። «ተው፣ አትንካው» የምላቸው ለዚህ ነው።

በቴሌግራም እየቆራረጥኩ ከምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

ለአዲሶቹ በአጭሩ። ታሜሺጊሪ በተሳለ ሰይፍ እውነተኛ ነገር የመቁረጥ ልምምድ ነው። እኛ የምንሠራው ከቶያማ ሪዩ የወረደውን ነው። ይህ ስልት በ1925 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ በነበረው የቶያማ የጦር ትምህርት ቤት ለመኮንኖች የተዘጋጀ ነው። በኋላ እንደ ናካሙራ ታይዛቡሮ (1912–2003) ያሉ መምህራን መቁረጥን የልምምዱ እምብርት አደረጉት። ዛሬ በብዛት የሚቆረጠው የታታሚ ሽፋን ነው። ታታሚ የጃፓን ቤት ወለል ላይ የሚነጠፈው ወፍራም ምንጣፍ ነው። ሽፋኑ ኢጉሳ ከሚባል ቄጤማ መሳይ ተክል የተሠራ ሰሌን ነው። ሰሌኑ ይጠቀለላል፣ ይታሰራል፣ ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ከዚያ የእንጨት መቆሚያ ላይ ባለው ሹል ይሰካል።

«ታዲያ ሣር ብረትን እንዴት ይጭራል?» ይሉኛል። መልሱ ገንዳው ውስጥ ነው። ሰሌኑን ካወጣችሁ በኋላ ውሃውን ቀስ አድርጋችሁ ድፉት። ከታች ግራጫ ዝቃጭ ታገኛላችሁ። ከዝቃጩ ትንሽ ቆንጥራችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል እሹት። መጀመሪያ ሙልጭልጭ ይላል። ትንሽ ጫን ስትሉት ደቃቅ፣ ሻካራ ነገር ይሰማችኋል። ኢጉሳ ከታጨደ በኋላ ቀለሙና ሽታው እንዲቆይ ጭቃ በተበጠበጠበት ውሃ ይነከራል። ጭቃው ይደርቅና ሰሌኑ ላይ ይቀራል። ጭቃ ውስጥ ደግሞ የኳርትዝ፣ አሸዋ ውስጥ ያለው የጠንካራ ማዕድን፣ ብናኝ አይጠፋም። ኳርትዝ ከሰይፉ ለስላሳ ክፍል ይጠነክራል። ተክሉም በራሱ ያንኑ ዘር የሆነ ሲሊካ አለው። እንግዲህ ሰይፉ በሙሉ ፍጥነት በዚህ መሃል ሲያልፍ ጎኑ በሁለቱም በኩል ይፋተጋል ማለት ነው።

ስለዚህ ጭረቱ ሰይፋችሁ ርካሽ ስለሆነ የመጣ አይደለም። ውዱም ይጫራል። እንዲያውም ጥሩ የተወለወለ ሰይፍ ላይ ይብስ ይታያል። ጠጋ ብላችሁ እዩት። በሸክላ ተለስኖ የተጠነከረ ካታና ስለቱ የብረት ጥንካሬ በሚለካበት በሮክዌል መለኪያ ወደ 60 ሲጠጋ ጀርባው 40 አካባቢ ነው። ስለዚህ አንዱን ጭረት ከስለቱ ጀምራችሁ በዓይናችሁ ብትከተሉት፣ ነጣ ባለው ጠንካራ ክፍል ላይ የፀጉር ያህል ቀጥኖ፣ ወደ ለስላሳው ክፍል ሲሻገር ጠቆር ብሎና ሰፋ ብሎ ታገኙታላችሁ። ያው አንድ ጭረት ነው። የተለየው ብረቱ ነው።

መቀነስ ግን ይቻላል። ሰሌኑን ከመዘፍዘፋችሁ በፊት በውሃ ጎማ እጠቡት። የመጀመሪያውን ውሃ ድፉና በአዲስ ቀይሩት። ከሰው ቤት የወጣ አሮጌ ታታሚ በነጻ ስታገኙ ደስ አይበላችሁ። ስንት ዓመት የተረገጠ አሸዋ ይዟል፤ አንዳንዴ ስቴፕለርና ሚስማርም አይጠፋበትም። የተቆረጠውን ቁራጭ ደግሞ የመኪና ማቆሚያው ጠጠር ላይ ከወደቀ በኋላ አንስታችሁ መልሳችሁ አትሰኩት። ይሄን ሁሉ አድርጋችሁም ሰይፉ ይጫራል። ያነሰ ይጫራል ማለቴ ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ጭረቱን ከማጥፋታችሁ በፊት አንብቡት።

ከልምምድ በኋላ ሰይፉን ጠርጋችሁ ዘይት ሳትቀቡት የጣሪያውን መብራት አጥፉ። አንድ አምፖል ብቻ ይኑር፣ ራቅ ብሎ። ሰይፉን ወደ አምፖሉ አቅጣጫ ዘርጉትና ነጸብራቁ ከእጅ መከለያው እስከ ጫፉ እንዲሄድ ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። ጭረቶቹ አንዱ ከሌላው እየተለየ ይወጣል።

መጀመሪያ የት እንዳሉ እዩ። የካታና የመቁረጫ ቦታው ከጫፉ በኩል ያለው ሲሶ አካባቢ ነው። ጭረቶቹ እዚያ ከተሰበሰቡ ርቀታችሁ ጥሩ ነው። ወደ እጃችሁ ተጠግተው ከመሃል በታች ከሆኑ ኢላማው ላይ ተጠግታችኋል። ጫፉ ላይ ብቻ ከሆኑ ርቃችኋል፤ ክንዳችሁ ተዘርግቶ እግራችሁ ቀርቷል።

ቀጥሎ ሁለቱን ጎን አወዳድሩ። ስለቱ በሚሄድበት መስመር ልክ ከገባ፣ ሁለቱም ጎን የሚጫረው ተቀራራቢ ነው። አንዱ ጎን ጥቅጥቅ ብሎ ተጭሮ ሌላው ንጹህ ከሆነ ግን ሰይፉ ጋደል ብሎ ነው የገባው። የተጫረው ጎን ሰሌኑ ላይ እየተደገፈ ነው ያለፈው። ጃፓኖቹ ሃሱጂ የሚሉት ይሄን የስለት አቅጣጫ ነው፤ መምህራችን ግማሽ ክፍለ ጊዜውን በዚሁ ነው የሚያሳልፉት። የተቆረጠውን ሰሌን ፊት ካያችሁት ያው ነው የሚነግራችሁ። ስለቱ ቀጥ ብሎ ከገባ ፊቱ ለጥ ያለ ነው፣ ካጋደለ ይሰረጉዳል። ሰሌኑ ግን ይጣላል። ብረቱ መዝግቦ ያስቀምጥላችኋል።

ሦስተኛው ነገር አቅጣጫቸው ነው። ጭረቱ ከስለቱ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ጀርባ ከወጣ፣ እንደ መጥረቢያ ነው የመታችሁት። ጋደም ብሎ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ ሰይፉን እየሳባችሁ ቆርጣችኋል፤ የምንፈልገውም ይሄንን ነው። ቅስት ሠርቶ ከታጠፈ ደግሞ ሰይፉ ሰሌኑ ውስጥ እያለ እጃችሁ ዞሯል።

አብሮን የሚለማመድ አንድ ልጅ አለ። ጉልበታም ነው። ከትከሻ ወደ ወገብ በሰያፍ የሚወርደውን ምት ሲሠራ ሰሌኑ ይበጠሳል፣ ሰውም ያጨበጭባል። ሰይፉን ግን አምፖል ስር ስናየው የአንደኛው ጎን ጭረቶች ሁሉ ቅስት ነበሩ። ቀኝ እጁ መጨረሻ ላይ ትጨመድዳለች። ዓይን አይይዘውም፤ ምቱ ፈጣን ነው። ያንን ካየ በኋላ ቀኝ እጁን አላላ፣ ግራውን አጠበቀ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጭረቶች መታጠፍ ተዉ። አሮጌዎቹ አሁንም ሰይፉ ላይ አሉ፣ አዲሶቹ በላያቸው ያልፋሉ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ ልጁ ምን ያህል እንደተለወጠ ግልጽ ነው። በሁለት ሺህ ቁጥር ቢያሸው ኖሮ ይሄ ሁሉ አልነበረም።

በሰይፉ ርዝመት፣ ከእጅ ወደ ጫፍ የሚሄዱ ረጃጅም ጭረቶች ካያችሁ ግን እነዚያ ከመቁረጥ የመጡ አይደሉም። ከአፎቱ ወይም ከመጥረጊያችሁ ነው። እመለስበታለሁ።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር አደራ። ጭረት የሚመስል፣ ግን ጭረት ያልሆነ መስመር አለ። ከስለቱ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ብዙ ጊዜ በጣም አጭር፣ በጣም ቀጭን መስመር። ጃፓኖቹ ሃጊሬ ይሉታል። ስንጥቅ ነው። ጠንካራው ስለት ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ ያ ሰይፍ ቀጣዩ ምት ላይ ሊሰበርና ቁራጩ ሰው ላይ ሊያርፍ ይችላል።

እንዴት ትለዩታላችሁ? ጭረት ብርሃኑን ስታዘነብሉት ይጠፋል፣ ይመጣል። ስንጥቅ ከየትኛውም አቅጣጫ ብታዩት ጥቁር ሆኖ ይቆማል። ጭረት ብቻውን አይመጣም፣ አጠገቡ መሰሎቹ አሉ። ስንጥቅ ብቻውን ነው፣ ስለቱንም ይነካል። በማጉያ መነጽር እዩት። ጋራዥ ውስጥ ቴስታታ (የሞተር ራስ) መሰንጠቁን የምንለይበት ዘዴም እዚህ ይሠራል። ስስ ዘይት ቀቡት፣ ትንሽ አቆዩት፣ በንጹህ ጨርቅ አድርቃችሁ ጥረጉት፣ ከዚያ ጠብቁ። ስንጥቅ ከሆነ የዋጠውን ዘይት መልሶ ይተፋና ቀጭን የዘይት መስመር ይታያችኋል። ቴስታታ ላይ ነጭ ጋዝና ጠመኔ ነበር የምንጠቀመው፤ ጠመኔው ላይ መስመሩ ረጥቦ ይወጣል።

ስንጥቅ ከሆነ አበቃ። አይበየድም፣ አይታሽም፣ «ቀስ ብዬ እቆርጥበታለሁ» አይባልም። ሰይፉ ከዚያ በኋላ ለግድግዳ ነው። ብርጭቆ ወረቀትን የምጠላበት አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው። ስታሹት የብረቱ ብናኝ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይደፍነዋል፤ ላዩ ያምራል፣ ውስጡ ያው ነው። ይሄን ሳላይ በልጅ እጅ ላይ ያለ ሰይፍ «ቆንጆ ሆኗል» ብዬ አላልፍም።

አሁን ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ።

መኪና ላይ ጭረት የማጠፋው ከላይ ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን ስለማሳሳ ነው። ያ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ነው። ጭረቱ ከዚያ በታች ካልወረደ፣ ጭረቱ እስኪጠፋ ድረስ ዙሪያውን ዝቅ አደርገዋለሁ። ጭረት ተሞልቶ አይደለም የሚጠፋው፣ ዙሪያው ወደ እሱ ወርዶ ነው። ሽፋኑ ካለቀብኝ የቀለም መርጫ ሽጉጡን አንስቼ እንደገና እረጫለሁ። ሰይፍ ላይ የሚረጭ ነገር የለም። ያነሳችሁት ብረት ተነሳ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ትቆርጣላችሁ፣ ደግሞ ይጫራል፣ ደግሞ ታሻላችሁ። ጃፓን ውስጥ ለብዙ ትውልድ እየተሞረዱ የደከሙ የሚባሉ አሮጌ ሰይፎች አሉ። ከውጪ ያለው ጥሩ ብረት አልቆ የውስጡ ብቅ ያለባቸው። እነሱን ለዚያ ያደረሳቸው የባለሙያ እጅ ነው፣ ያውም በመቶዎች ዓመታት። በየሳምንቱ የሚያሽ አማተር ምን ያህል እንደሚፈጥን አስቡት።

ብረት ማለቁ እንኳን ይቅር። ቅርጹ ነው የሚበላሸው። የካታና ጎን ላይ ሺኖጊ የሚባል ሸንተረር አለ፤ ከእጅ መከለያው ተነስቶ ጫፉ ድረስ ቀጥ ብሎ የሚሄድ። ከዚያ ሸንተረር እስከ ስለቱ ያለው ጎንም ዝርግ አይደለም፣ በጣም በትንሹ ነፋ ይላል። ያ ነፋ ያለው ነገር ነው ሰሌኑን ከፍቶ የሚያሳልፈው፣ ስለቱንም ከጀርባ ሆኖ የሚደግፈው። ብርጭቆ ወረቀቱን በጣታችሁ ይዛችሁ ካሻችሁ ጣት ለስላሳ ነው፣ ሸንተረሩ ላይ ሲደርስ ይጠመዘዝና ያዶለዱመዋል። በጠንካራ እንጨት ካሻችሁ ደግሞ ነፋ ያለውን ጠፍጥፋችሁ ዝርግ ታደርጉታላችሁ። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ የአምፖሉን ነጸብራቅ በሸንተረሩ ላይ አስኪዱት። ያልተነካ ሰይፍ ላይ ብርሃኑ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በጣት የታሸ ሰይፍ ላይ ይወላገዳል፣ ይሰፋል፣ ይጠባል። እኔ ከሩቅ አየዋለሁ፤ የሥራዬ ዓይን ነው፣ ኮፈን ላይም የማየው ያንኑ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ፖሊሽ ማሽን ደግሞ አንዴ እናገራለሁ፣ አልደግመውም። ሰይፍ ወደሚሽከረከር ማሽን አታስጠጉ። ስለቱን ይይዝና ሰይፉን ከእጃችሁ ነጥቆ ይወረውረዋል። ያ ባይሆን እንኳ ይግላል። ስለቱ ላይ ያለው ብረት ቀጭን ስለሆነ ሙቀት ቶሎ ይበላዋል፤ ቢጫ ከዚያም ሰማያዊ ከለበሰ ጥንካሬው ሄዷል። መኪና ቤት ውስጥ ማሽን ሲጠራ መስማት የምወደው ሰው ነኝ፣ ሰይፍ ላይ ግን አይሆንም።

«ታዲያ ባለሙያ ጋ ልላከው?» የሚል ይመጣል። ቶጊሺ የሚባሉት የሰይፍ ሞራጆች ሙያ አስር ዓመት ገደማ ሥልጠና የሚጠይቅ ነው። ጃፓን ከእነዚህ አንዳንዶቹን ሕያው የአገር ቅርስ ብላ ሰይማለች። ከሻካራ ድንጋይ ጀምረው በተራ በተራ እየለሰለሱ ይሄዳሉ፤ ቢንሱይ፣ ካይሴይ፣ ናጉራ፣ በመጨረሻ ኪዮቶ አካባቢ ከሚወጣው ኡቺጉሞሪ ይደርሳሉ። ከዚያ የዚያኑ ድንጋይ ስባሪ እንደ ወረቀት አሳስተው፣ ከጀርባው ስስ ወረቀት ለጥፈውበት፣ በአውራ ጣታቸው ጫፍ እያሹ ጣት በጣት ሰይፉን ያዳርሳሉ። ይሄን ሥራ በቪዲዮ ባያችሁ ቁጥር የምትደነቁትን ያህል እኔም እደነቃለሁ። ግን ክፍያው በሰይፉ ርዝመት ነው፣ በኢንች። ከፋብሪካ ለመቁረጫ የተገዛ ሰይፍ ከሆነ ማስወልወያው ሰይፉን ሊበልጠው ይችላል። ተወልውሎ መጥቶ ደግሞ የመጀመሪያው ሰሌን ይጭረዋል። ለዚህ ነው ብዙ ቆራጮች ለመቁረጥ አንድ ሰይፍ ለይተው፣ የሚያምረውን ለብቻው የሚያስቀምጡት። የኔም የመቁረጫ ሰይፍ ጎኑ ግራጫ ሆኗል። ጭረት በጭረት ላይ ሲደራረብ መጨረሻ ላይ አንድ ወጥ የሆነ ደብዛዛ መልክ ይይዛል። እኔ እወደዋለሁ።

ይሄን ሁሉ ሰምታችሁም ልታሹ የቆረጣችሁ አላችሁ፣ አውቃለሁ። እንግዲያው ከፋብሪካ የወጣ፣ ላዩ ሳያብረቀርቅ ደብዛዛ ሆኖ የተጨረሰ፣ የራሳችሁ የመቁረጫ ሰይፍ ብቻ ይሁን። አላማው ጭረቱን ማጥፋት አይሁን፣ ማደብዘዝ ይሁን። እጀታውን አውልቁ። ሰይፉን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አስተኙና በደንብ እሰሩት፤ ስለቱ ከእንጨቱ ጠርዝ አይውጣ። 1500 ወይም 2000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከጀርባው ጠንከር ያለ ጎማ። በዘይት አርጥቡት። ከእጅ ወደ ጫፍ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ረጅም አድርጋችሁ ሳቡ። ከሸንተረሩ በላይ ያለውን ለብቻው፣ ከሸንተረሩ በታች ያለውን ለብቻው። በሸንተረሩ ላይ በፍጹም አትሻገሩ። ጫፉን አትንኩ። ስለቱ አጠገብ ስትደርሱ እጃችሁ ከጀርባው በኩል ይሁን፤ ወረቀቱ ተቀዶ እጅ ቢንሸራተት የት እንደሚያርፍ ቀድማችሁ አስቡ። ስለቱን ተከትሎ የሚሄደው የሞገድ መልክ፣ ሃሞኑ፣ ሊደበዝዝ እንደሚችልም እወቁ። ርካሽ ሰይፎች ላይ ያ መልክ በአሲድ ወይም በሽቦ ብሩሽ ብቻ የተሣለ ነው፤ ካሻችሁት ይጠፋል፣ አይመለስም። የመኪና ፖሊሽ ክሬምም እንደ መስታወት ያበራውና ሃሞኑን ያዳፍነዋል። አላስጠነቀቀንም እንዳትሉ።

ያ ሳትቆርጡ የምታወዛውዙት ያልተሳለ የመለማመጃ ሰይፍ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የዚንክና የአልሙኒየም ቅይጥ ነው፣ ላዩ ተለብጧል። አይታሽም፤ በጭራሽ አይቆረጥበትምም።

አሁን ወደ ረጃጅሞቹ ጭረቶች ልመለስ። እነዚህ የሚያበሳጩኝ ናቸው፣ ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ ማስቀረት ይቻላል። ሰው ቆርጦ ሲጨርስ ሰይፉ እርጥብ ነው፣ ያ ግራጫ ጭቃ ጎኑ ላይ ተለጥፏል። እንዲያው ወደ አፎቱ ይመልሰዋል። ጭቃው አፎቱ ውስጥ ይቀራል፣ ይደርቃል። ከዚያ ሰይፉ በወጣና በገባ ቁጥር ይፋቀዋል። እርጥበቱ ደግሞ በአንድ ሌሊት ዝገት ያመጣል። ዝገት ጭረት አይደለም፤ ጭረት ባለበት ይቆያል፣ ዝገት ይበላል።

ስለዚህ በየመሃሉ ጥረጉ። ለስላሳ ወረቀት አጥፉና ከጀርባው በኩል ይዛችሁ፣ ከእጅ መከለያው ወደ ጫፉ፣ አንድ ጊዜ ሳቡ። ወዲያና ወዲህ አትመላለሱ። ያንን ወረቀት ጣሉት። ሁለተኛውን በአዲስ ወረቀት። ያንኑ ወረቀት ገልብጦ መጠቀም ጭቃውን መልሶ ብረቱ ላይ መጎተት ነው። ቤት ስትገቡ በአልኮልና በማይክሮፋይበር ጨርቅ አጽዱት፣ ከዚያ ስስ ዘይት። የቅርንፉድ ሽታ ያለው ቾጂ ዘይት ባህሉ ነው፣ ንጹህ የማሽን ዘይትም ይሠራል። ዘይቱ ይታይ ከተባለ በዝቷል፤ ትርፉ አፎቱ ውስጥ ገብቶ አቧራ ይሰበስባል። ያ በሐር ከረጢት የታሰረ ነጭ ዱቄት፣ ኡቺኮ የሚባለው፣ ፊልም ላይ ሲደበደብ ያምራል፤ ግን የተፈጨ የሞረድ ድንጋይ ነው። በየሳምንቱ ብትጠቀሙበት ያው ማሸት ነው። አፎቱን ደግሞ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ በመዳፋችሁ ጠብ ጠብ አድርጉት። የሚወርደውን ብናኝ ነጭ ወረቀት ላይ ስታዩት ትደነግጣላችሁ። እጀታውን ከብረቱ ጋር የሚያያይዛትን የቀርከሃ ችንካርም በዚያው እይዋት። እሷ ከላላች ስለ ጭረት ማውራታችን ትርፍ ነው።

አሮጌ የጃፓን ሰይፍ ያላችሁ ካላችሁ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ እናንተን አይመለከትም። አትቁረጡበት፣ አትሹት፣ ምንም አታድርጉት። ጥረጉና ዘይት ቀቡ፤ ሌላው የባለሙያ ነው።

ይሄን ካነሳሁ ዘንድ አንድ የኛው ጉዳይ አለ። ቤታችሁ ከአገር ቤት የመጣ የአያት ጎራዴ ያላችሁ ሰዎች ትጽፉልኛላችሁ። «ዝጓል፣ ላስወልውለው?» ትላላችሁ። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ከነበሩት ጎራዴዎች ብዙዎቹ ብረታቸው ከውጪ የመጣ ነው፤ የጀርመኑ ዞሊንገን የታወቀው ነው። ጎናቸው ላይ የአንበሳ ምስልና የአማርኛ ወይም የግእዝ ጽሑፍ በአሲድ ተቀርጾባቸዋል። ያ ጽሑፍ ጥልቀቱ ምንም አይደለም። በብርጭቆ ወረቀት አንድ ከሰዓት ብትሠሩበት አንበሳውም ጽሑፉም ይሄዳል። እቃውን ውድ የሚያደርገው ደግሞ እሱ ነው፣ የቤተሰባችሁን ታሪክ የያዘውም እሱ ሊሆን ይችላል። በሎሚና በአመድ እንዳትነኩት። አሲድ ነው፣ ሻካራም ነው። ደረቅ ጨርቅ፣ ስስ ዘይት፣ በቃ። ከቆዳ አፎቱም አውጥታችሁ ለየብቻ አስቀምጡት፤ አሮጌ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱን የሚያዝገው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ጽሑፉ አልነበብ ካላችሁ ፎቶ አንሱትና ለታላላቆቻችሁ አሳዩ። ከኔ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

ፎቶ ካልኩ አይቀር፣ የተጫረ ሰይፍ ፎቶ ስትልኩልኝ ፍላሽ አታብሩ። ሁሉን ነገር ነጭ ያደርገዋል። ክፍሉን አጨልሙ፣ አንድ መብራት ከጎን አድርጉ፣ ሁለቱንም ጎን ለየብቻ አንሱ፣ የትኛው ግራ የትኛው ቀኝ እንደሆነ ጻፉልኝ። የቆረጣችሁትን ሰሌን ፊትም አብራችሁ ላኩ፤ ያለሱ ግማሹን ብቻ ነው የማየው።